የሮኬቶችን የጂቲኦ አቅም ሳይሳሳቱ ማወዳደር፦ የአሠራር መመሪያ

«ወደ ጂቲኦ ብዙ የሚጭነው የትኛው ሮኬት ነው?» የሚለው ጥያቄ ሳይደርሰኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም (ጂቲኦ ሳተላይት ወደ መጨረሻ ቦታው የሚሸጋገርበት ምሕዋር ነው፤ ከታች አብራራዋለሁ)። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ የማይታረቁ ሁለት ቁጥሮች ይዞ ነው የሚመጣው። ለምሳሌ የስፔስኤክስ ሮኬት ፋልከን 9 የመጀመሪያ ደረጃው (ከታች ያለው ትልቁ ክፍሉ) ተመልሶ እያረፈ 5,500 ኪሎ ወደ ጂቲኦ ይወስዳል ተብሎ ሲነገር ኖሯል። ይኸው ሮኬት ግን በሐምሌ 2018 እ.ኤ.አ. 7,075 ኪሎ የሚመዝነውን ቴልስታር 19 ቪ ሳተላይት አድርሶ የመጀመሪያ ደረጃው በሰላም አረፈ። ሁለቱም እውነት ነው። ጭነቱ የት እንደተራገፈ ካልተነገራችሁ ግን የኪሎው ቁጥር ለብቻው ምንም አይነግራችሁም። እንዴት እንደሚሰላ ደጋግሜ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላስረዳ። የመገናኛ ሳተላይት መጨረሻ ላይ የሚቀመጠው ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪ.ሜ ከፍታ ነው፤ እዚያ ላይ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ከታች ሲያዩት የቆመ ይመስላል። ይህን ቦታ ከዚህ በኋላ ጂኦ እለዋለሁ። አብዛኛው ሮኬት ግን እዚያ ድረስ አይሸኘውም። ከታች ወደ ምድር የሚጠጋ፣ ከላይ ጂኦን የሚነካ ሞላላ መሸጋገሪያ ምሕዋር ላይ ጥሎት ይመለሳል፤ ጂቲኦ ማለት ይህ ነው። የቀረውን ሳተላይቱ በራሱ ሞተርና በራሱ ነዳጅ ይጨርሳል። ይህን ቀሪ ሥራ «ዕዳ» እለዋለሁ። የሚለካው በርቀት ሳይሆን በፍጥነት ለውጥ ነው (ሜትር በሰከንድ)፤ የሙያው ሰዎች ዴልታ ቪ ይሉታል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሳይንሳዊ ካልኩሌተር ወይም ኤክሴል።
- አምራቹ ለደንበኞች ያወጣው የሮኬቱ የተጠቃሚ መመሪያ። የማስታወቂያ ገጽ አይበቃም፤ ኪሎውን ይነግራችኋል፣ ምሕዋሩን ይደብቅባችኋል።
- የሳተላይቱ ክብደት ነዳጁ ሙሉ ሆኖ።
- የሳተላይቱ ሞተር ስፔሲፊክ ኢምፐልስ፣ ማለትም ከነዳጁ ምን ያህል ግፊት እንደሚያወጣ የሚለካው ቁጥር። በኬሚካል ነዳጅ ለሚሠራ የተለመደ የሳተላይት ሞተር 320 ሰከንድ ብትይዙ ብዙ አትስቱም።
- ቋሚ ቁጥሮች፦ የምድር ስበት ቋሚ 398,600 (በኪሎ ሜትርና በሰከንድ)፤ የምድር ራዲየስ በወገቧ 6,378 ኪ.ሜ፤ የጂኦ ራዲየስ 42,164 ኪ.ሜ፤ የጂኦ ፍጥነት 3.075 ኪ.ሜ በሰከንድ፤ እና 9.80665 (በምድር ገጽ ላይ ያለው የስበት ፍጥንጥነት፣ በሜትርና በሰከንድ)።

1. ምሕዋሩን ሙሉ አድርጋችሁ ጻፉ

ከኪሎው ጎን ሦስት ቁጥሮች መኖር አለባቸው። ለምድር የሚቀርበው ጫፍ ከፍታ (ፔሪጂ)፣ የሚርቀው ጫፍ ከፍታ (አፖጂ) እና ምሕዋሩ ከምድር ወገብ ጋር የሚሠራው ማዕዘን (ዝንባሌ)። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ስሌቱን አትጀምሩ። ለምሳሌ የአሜሪካው ሮኬት የአትላስ 5 መመሪያ ነገሩን ግልጽ አድርጎ ያስቀምጠዋል፦ 185 ኪ.ሜ በ35,786 ኪ.ሜ፣ ዝንባሌው 27 ዲግሪ፣ ለሳተላይቱ የሚቀረው ዕዳ 1,804 ሜትር በሰከንድ። እንዲህ የሚጽፍ አምራች ስታገኙ ሥራችሁ በግማሽ ቀለለ።

ዝንባሌው የሚመጣው ከማምጠቂያው ቦታ ነው። ከአሜሪካው ኬፕ ካናቬራል (28.5 ዲግሪ ሰሜን) ቀጥ ብሎ ወደ ምሥራቅ የሄደ ሮኬት 28.5 ዲግሪ ያዘነበለ ምሕዋር ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በታች ለማውረድ አቅጣጫ መቀየር፣ ማለትም ነዳጅ ማቃጠል ግድ ነው። በፈረንሳይ ጊያና ያለው የኩሩ ማምጠቂያ 5.2 ዲግሪ ላይ ነው፣ በካዛክስታን ያለው ባይኮኑር ወደ 46። የምድር መዞርም ድርሻ አለው፤ በወገቧ ላይ በሰከንድ 465 ሜትር ያህል ትገፋለች፣ ኬፕ ላይ ወደ 409፣ ባይኮኑር ላይ ወደ 324 ይወርዳል። ይህን ግን በስሌታችሁ ውስጥ አትደምሩት፤ አምራቹ የሚያወጣው ኪሎ ውስጥ ቀድሞ ገብቷል።

2. ከፍታውን ወደ ራዲየስ ቀይሩ

በሁለቱም ከፍታዎች ላይ 6,378 ደምሩ። ቀመሮቹ የሚሠሩት ከምድር እምብርት በሚለካ ርቀት እንጂ ከባሕር ጠለል በሚለካ ከፍታ አይደለም። 200 ኪ.ሜ ከፍታ 6,578 ይሆናል፤ 35,786 ደግሞ 42,164። ከሚላኩልኝ የተሳሳቱ ስሌቶች ትልቁ ድርሻ እዚህች ላይ የተበላሸ ነው።

3. በሩቁ ጫፍ ያለውን ፍጥነት አውጡ

በመጀመሪያ ሁለቱን ራዲየሶች ደምራችሁ ለሁለት አካፍሉ። ለምሳሌያችን (6,578 + 42,164) ÷ 2 = 24,371 ይመጣል። ከዚያ፦

ፍጥነት = √[398,600 × (2 ÷ የአፖጂ ራዲየስ − 1 ÷ 24,371)]

ውጤቱ 1.597 ኪ.ሜ በሰከንድ ነው። የአፖጂው ራዲየስ በነበረበት 6,578 ብታስገቡ 10.239 ታገኛላችሁ፤ እሱ በቅርቡ ጫፍ ያለው ፍጥነት ነው። ሳተላይቱ ታች እየበረረ አልፎ ላይ ሲደርስ ያዘግማል ማለት ነው። ፍጥነቱን የምንፈልገው በላይኛው ጫፍ ነው፤ አቅጣጫ መቀየር ርካሽ የሚሆነው ዝግ ባለበት ቦታ ነውና።

4. ዕዳውን አስሉ

ሳተላይቱ አፖጂ ላይ ሲደርስ ሁለት ነገር ይቀረዋል፤ ከ1.597 ወደ 3.075 መፍጠን፣ እና ያዘነበለውን ምሕዋር ከምድር ወገብ ጋር ማስተካከል። ሁለቱን ሞተሩን አንዴ አስነስቶ ባንድ ላይ ይሠራቸዋል፦

ዕዳ = √[1.597² + 3.075² − 2 × 1.597 × 3.075 × ኮሳይን(ዝንባሌ)]

በ27 ዲግሪ ብትሠሩት 1.804 ኪ.ሜ፣ ማለትም 1,804 ሜትር በሰከንድ ይመጣል። የአትላስ 5 መመሪያ ላይ ያየነው ቁጥር ነው፤ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በሌሎች ዝንባሌዎች እንዲህ ይሆናል፦

- 0 ዲግሪ፦ 1,478
- 6 ዲግሪ፦ 1,496
- 27 ዲግሪ፦ 1,804
- 28.5 ዲግሪ፦ 1,837
- 51.6 ዲግሪ፦ 2,430

እነዚህን ቁጥሮች ቆም ብላችሁ እዩአቸው። ከ0 ወደ 6 ዲግሪ መሄድ የሚያስከፍለው 18 ሜትር በሰከንድ ብቻ ነው። ከ27 ወደ 28.5 ያለችው አንድ ተኩል ዲግሪ ግን 33 ትወስዳለች። ከኩሩ የሚነሳ ሮኬት ወደ 6 ዲግሪ ባለ ምሕዋር ላይ ሳተላይት ጥሎ የሚመለሰው ለዚህ ነው፤ የቀረችውን ለማጥፋት ቢታገል ትርፉ አያወጣውም። በሌላኛው ዳር ያለውን ደግሞ ተመልከቱ። የሩሲያው ሮኬት ፕሮቶን ከባይኮኑር ተነስቶ በ51.5 ዲግሪ አካባቢ ምሕዋር ውስጥ ይገባል። እዚያ ላይ ተወው ቢባል ሳተላይቱ የማይችለው ዕዳ ይሸከማል፤ ስለዚህ ብሪዝ ኤም የተባለው የላይኛው ደረጃ ለሰዓታት እየጠበቀ ሞተሩን ደጋግሞ አስነስቶ ዕዳውን ወደ 1,500 ያወርድለታል። ይህን ስታውቁ ከሰሜን የተነሳ ሮኬት «1,500» ብሎ መጻፉ አያስገርማችሁም። የጃፓኑ ኤች 2 ኤ ሮኬትም እንዲሁ ነበር፤ የተለመደው ዕዳው 1,830 ሲሆን፣ ከኅዳር 2015 እ.ኤ.አ. በረራው ወዲህ ሁለተኛው ደረጃ አፖጂ ድረስ ሄዶ ለሦስተኛ ጊዜ እንዲነሳ በማድረግ ወደ 1,500 ማውረድ ችሎ ነበር።

ማስጠንቀቂያ፦ ቀመሩ የሚሠራው አፖጂው ከምድር ወገብ በላይ ሲውል ብቻ ነው። ከሰሜን የተነሳ ሮኬት መጀመሪያ ዝቅተኛ ምሕዋር ውስጥ ገብቶ፣ ወገቧን እስኪሻገር ሞተሩን አጥፍቶ የሚጠብቀውና እንደገና የሚያስነሳው ለዚሁ ነው። የአውሮፓው ሮኬት አሪያን 5 ኢሲኤ የላይኛው ሞተሩ ዳግም የማይነሳ ሆኖ ሳለ ለጂቲኦ የበቃው መነሻው ኩሩ ራሱ ወገቧ አጠገብ ስለሆነ ነው።

5. ዕዳውን ወደ ኪሎ ቀይሩ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ቀመሩ፦

ጂኦ የሚደርሰው ክብደት = የተነሳበት ክብደት ÷ ኢ^(ዕዳ ÷ (320 × 9.80665))

ኢ እዚህ ላይ 2.71828 ነው። 320 × 9.80665 ደግሞ 3,138 ሜትር በሰከንድ ይሆናል። አንድ 5,500 ኪሎ ሳተላይት ሁለት ቦታ ላይ ተራገፈ እንበል።

27 ዲግሪ ላይ፣ በ1,804 ዕዳ፦ 3,095 ኪሎ ይደርሳል።
6 ዲግሪ ላይ፣ በ1,496 ዕዳ፦ 3,415 ኪሎ ያህል ይደርሳል።

ሁለቱም ሮኬቶች በማስታወቂያቸው ላይ «5,500 ኪሎ ወደ ጂቲኦ» ይላሉ። ልዩነቱ ግን 320 ኪሎ ነው። ለሳተላይቱ ባለቤት ይህ ምን ማለት እንደሆነ በዓመት አስቡት። ጂኦ ላይ ቦታን ሳይለቁ ለመቆየት በዓመት ወደ 50 ሜትር በሰከንድ ያስፈልጋል፤ የሁለቱ ዕዳዎች ልዩነት 308 ነው። ስድስት ዓመት ያህል የአገልግሎት ዘመን፣ በአንድ ማስታወቂያ ቁጥር ሥር ተደብቆ።

6. ያልተለመዱ ምሕዋሮችን ለይታችሁ አስሉ

አፖጂው 35,786 ካልሆነ ከላይ ያለውን ቀመር እንዳለ አትውሰዱት። ሁለት ዓይነት አለ።

ሀ) አጭር ጂቲኦ። ሳተላይቱ ሲከብድ ሮኬቱ ከጂኦ በታች ያወርደዋል። ቴልስታር 19 ቪ የተራገፈው በ243 በ17,863 ኪ.ሜ፣ በ27 ዲግሪ ነበር። ዕዳውን በሁለት ክፍያ አስሉት። መጀመሪያ ፔሪጂ ላይ አፖጂውን ወደ ጂኦ ማሳደግ፤ የቁጥር 3ን ቀመር በፔሪጂ ራዲየስ (6,621) ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በአሁኑ አፖጂ አንዴ በጂኦ (በ24,371 ቦታ የየምሕዋሩን ግማሽ ድምር አስገብታችሁ) ስትሠሩ ከ9.725 ወደ 10.201 መድረስ አለበት፣ 476 ሜትር በሰከንድ። ቀጥሎ አፖጂ ላይ ቁጥር 4 እንዳለ፣ ወደ 1,801። ድምሩ 2,277። ይህን ቁጥር 5 ውስጥ ስታስገቡት ከ7,075 ኪሎው ጂኦ የሚደርሰው ወደ 3,425 ነው።

አሁን መግቢያው ላይ ያለውን እንቆቅልሽ ፍቱት። 7,075 ከ5,500 ጋር ሲነጻጸር 29 በመቶ ይበልጣል። ጂኦ ላይ ግን 3,425 ከ3,095 ጋር ሲነጻጸር 11 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በ1,804 ዕዳ ሚዛን ብታስቀምጡት ያ በረራ የ6,085 ኪሎ ጭነት ያህል ነው። ጥሩ አቅም ነው፤ ተአምር ግን አይደለም።

ለ) ረጅም ጂቲኦ። ሳተላይቱ ሲቀል ሮኬቱ የተረፈውን ጉልበት አፖጂውን ከጂኦ በላይ ለመወርወር ይጠቀምበታል። ኤስኢኤስ 8 በታኅሣሥ 2013 እ.ኤ.አ. ከኬፕ ተነስቶ በ295 በ80,000 ኪ.ሜ፣ በ20.75 ዲግሪ ምሕዋር ላይ ተራገፈ። እዚያ ከፍታ ላይ ፍጥነቱ በሰከንድ 814 ሜትር ብቻ ስለሆነ ዝንባሌን ማቃናት በጣም ይረክሳል። በሁለት ክፍያ አስሉት፦ በ80,000 ላይ ፔሪጂውን ወደ ጂኦ ከፍ እያደረጉ ዝንባሌውን ማጥፋት ወደ 1,021፤ ከዚያ ጂኦ ከፍታ ላይ ፍጥነት ቀንሶ አፖጂውን ማውረድ ወደ 490። ድምሩ 1,511 ገደማ ነው። ከኬፕ የተነሳ ሳተላይት ከኩሩ እንደተነሳ ያህል ዕዳ ብቻ ይዞ ቀረ። «ከሚፈለገው በላይ ሩቅ መወርወር ብክነት አይደለም ወይ?» ለሚለኝ ሰው የማሳየው ይህን ነው።

7. ሳተላይት ያልሆነውን ክብደት ቀንሱ

የሮኬቱ ቁጥር ሳተላይቱን ከሮኬቱ ጋር የሚያያይዘውን ቀለበት፣ ሁለት ሳተላይት ከተጫነ ደግሞ በመካከል ያለውን ተሸካሚ አካል ጨምሮ ሊሆን ይችላል። አሪያን 5 በሰኔ 2017 እ.ኤ.አ. ቪያሳት 2ንና ዩቴልሳት 172 ቢን ይዞ ሲነሳ ሪኮርድ ተብሎ የተመዘገበው 10,865 ኪሎ ነበር፤ ሁለቱ ሳተላይቶች ግን 9,969 ናቸው። 896ቱ ኪሎ ብረትና ካርቦን ነው። ባለ አንድ ጭነት ሮኬትን ባለ ሁለት ጭነት ከሆነው ጋር ስታወዳድሩ ይህን ሳትቀንሱ አትለፉ።

8. ያገኛችሁት የዝቅተኛ ምሕዋር ቁጥር ብቻ ከሆነ

አንዳንድ ጊዜ የጂቲኦው ቁጥር ጭራሽ አይገኝም። ግምት ማውጣት ይቻላል፤ ግን የላይኛውን ደረጃ ባዶ ክብደት ማወቅ አለባችሁ። እሱም ጭምር ነውና ወደ ጂቲኦ የሚሄደው። ከ200 ኪ.ሜ ክብ ምሕዋር (7.784 ኪ.ሜ በሰከንድ) ወደ ጂቲኦ (10.239) ለመግባት 2,455 ሜትር በሰከንድ ያስፈልጋል። ለምናብ 20,000 ኪሎ ወደ ዝቅተኛ ምሕዋር የሚወስድ፣ ባዶ የላይኛው ደረጃው 4,000 ኪሎ የሆነ ሮኬት ውሰዱ።

ሞተሩ ኬሮሲን ከሆነ (348 ሰከንድ)፦ 24,000 × 0.487 − 4,000 = 7,690 ኪሎ አካባቢ።
ሞተሩ ሃይድሮጅን ከሆነ (450 ሰከንድ)፦ 24,000 × 0.573 − 4,000 = 9,750 ኪሎ አካባቢ።

ዝቅተኛ ምሕዋር ላይ እኩል የነበሩት ሁለት ሮኬቶች ጂቲኦ ላይ ከ2 ቶን በላይ ተለያዩ። ስለዚህ «የዝቅተኛውን በሦስት አካፍለው» የሚል አቋራጭ ከሰማችሁ አትከተሉት። ይህም ቢሆን የ10 በመቶ ስህተት የሚሸከም ግምት ነው፤ የመመሪያው ቁጥር ከተገኘ ይኸኛውን ጣሉት።

የተለመዱ ስህተቶች

ዲግሪና ራዲያን። ኤክሴል ኮሳይን ሲያሰላ የሚያነበው በራዲያን ነው። ቁጥር 4 ላይ 27 ብላችሁ በቀጥታ ብታስገቡ 3,857 ይመጣል። እኔ ራሴ አንድ ማታ ሙሉ ይህን ቁጥር አምኜ «ከኬፕ ማምጠቅ አያዋጣም» የሚል ድምዳሜ ላይ ደርሼ ነበር። መከላከያው ቀላል ነው፤ ሠንጠረዡን ከመጠቀማችሁ በፊት ዝንባሌውን 0 አድርጉት። 1,478 ካልመጣ የሆነ ቦታ ስታችኋል።

ሁለቱን ሥራዎች ለየብቻ መደመር። ማፍጠኑን 1,478 ብሎ፣ ማቃናቱን ለብቻ አስልቶ የሚደምር ሰው ዕዳውን ያለ አግባብ ያበዛል። ሦስት ማዕዘን ውስጥ አቋራጩ ጎን ከሁለቱ ጎኖች ድምር ያጥራል፤ ቁጥር 4 አቋራጩን ነው የሚለካው።

ኪሎ ሜትርና ሜትር ማደባለቅ። ቁጥር 3 እና 4 በኪሎ ሜትር፣ ቁጥር 5 በሜትር ነው። 1.804ን ቁጥር 5 ውስጥ ብታስገቡ ሳተላይቱ ነዳጅ ሳይነካ ይደርሳል።

ተመልሶ የሚያርፈውንና የማያርፈውን ማምታታት። የፋልከን 9 ቁጥር 8,300ም 5,500ም ተብሎ ይገኛል። የመጀመሪያው ምንም ሳይመለስ ነው።

ቀጥታ ጂኦን ከጂቲኦ ጋር ማስተያየት። አንዳንድ ሮኬት ሳተላይቱን እስከ መጨረሻው ያደርሳል፤ ኪሎው ያነሰ ይመስላል፣ ዕዳው ግን ዜሮ ነው። ማስተያየት ያለባችሁ ከቁጥር 5 ውጤት ጋር ነው።

የኤሌክትሪክ ሞተር ላለው ሳተላይት ይህን ቀመር መጠቀም። ኤሌክትሪክ ሞተር ግፊቱ ደካማ ስለሆነ አፖጂ ላይ አንዴ ተነስቶ አይጨርስም፤ ለወራት እየዞረ ቀስ በቀስ ይወጣል። ቁጥር 4 የሚለው ዕዳ ለእሱ ያንሰዋል፣ በእውነቱ የሚያወጣው የፍጥነት ለውጥ ይበልጣል። በሌላ በኩል ስፔሲፊክ ኢምፐልሱ ከ1,500 ሰከንድ በላይ ስለሚሆን የሚበላው ነዳጅ ጥቂት ነው። ከላይ የጠቀስኩት ዩቴልሳት 172 ቢ ከጂቲኦ ወደ ቦታው ለመድረስ አራት ወር ገደማ ወስዶበታል። እንዲህ ያለ ሳተላይት ይዛችሁ ሮኬት ስትመርጡ የሳተላይቱን አምራች ኪሎ አትጠይቁት፤ «ከዚህ ምሕዋር ብነሳ ስንት ቀን ይፈጃል?» በሉት።